ውሃ ነዳጅ ይሆናልን?

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ሳምንት ለአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፤ ከውሃ ነዳጅ ይወጣል ሲሉ ሰማሁ። ይህ እውነት ከሆነ እኛ የዓባይ ልጆች ስለ ምን በቤንዚን ማደያ ደጃፍ እንሰለፋለን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው የሚሳቅበት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ትልልቅ ሰዎችም ይህንኑ በተስፋ ሲያወሩት እሰማለሁና የዛሬውን ዓምዴን ለዚሁ ልስጠው።

በቃል ከመመለስ በሥራ ማሳየት ይሻላል ብዬ በማግሥቱ ዕቃ ይዤ ገባሁ፤ አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጹ ሁለት እርሳሶች፣ ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች፣ እንዲሁም ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ። (በሶዳው ፈንታ የገበታ ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ መርዘኛ የሆነውን የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ እርስዎ እንዳይሞክሩት።) ሽቦው ከድንጋዮቹ ጋር እንደ ተገናኘ በእርሳሶቹ ጫፍ ላይ አረፋ ይታይ ጀመር። ባንደኛው ቱቦ የተጠራቀመው ጋዝ የሌላውን እጥፍ ያህል ሆነ፤ የበዛው ሃይድሮጅን፣ ያነሰው ኦክሲጅን ነው። ወደ ሃይድሮጅኑ ቱቦ አፍ ክብሪት ባስጠጋሁ ጊዜ «ጧ!» ብሎ ነደደ። ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ፤ የቀረው በመስታወቱ ላይ ጤዛ ብቻ ነው። ከውሃ የወጣው ነዶ ተመልሶ ውሃ ሆነ ማለት ነው።

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም «ድንጋዮቹን አትርሱ» አልኋቸው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ውሃ ነዳጅ አይደለም፤ እንደ አመድ ነዶ ያለቀ ነገር ነው። አመድን መልሶ እንጨት ለማድረግ የሚሻ ሰው፣ እንጨቱ ሲነድ ከሰጠው የበለጠ ኃይል ከሌላ ስፍራ አምጥቶ መክፈል ይኖርበታል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ያንኑ ኪሎ በመኪና ውስጥ መልሰን ኤሌክትሪክ ብናደርገው የምናገኘው 16 ወይም 17 ያህል ነው፤ የመጭመቂያውና የማጓጓዣው ወጪ ገና አልተቆጠረም። ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ለባትሪ መኪና ብንሰጠው ግን አብዛኛው እስከ ጎማው ይደርሳል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ሳይገባለት፣ ሦስት ከፍሎ አንድ መቀበል ለእኔ ንግድ አይመስለኝም።

«አረንጓዴ ሃይድሮጅን» የሚለው ስምም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ስሙ የተሰጠው ኤሌክትሪኩ ከወራጅ ውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ስለ መጣ ነው። ዛሬ በዓለም በየዓመቱ የሚመረተው ሃይድሮጅን ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው ግን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። በጋዙ መንገድ ለያንዳንዱ ኪሎ 9 ወይም 10 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሃይድሮጅን ምን ይሠራል? ከፊሉ ነዳጅ ለማጣራት ይውላል፤ ሌላው ትልቅ ድርሻ የሚሄደው ገበሬያችን በየክረምቱ ወደሚጠብቀው ወደ ማዳበሪያ ነው። ሃይድሮጅን ከአየር ናይትሮጅን ጋር ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል፤ ዩሪያም የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። በመኪና ላይ ባትሪ ሊተካው ይችላል፤ ባትሪ ግን ጤፍ አያበቅልም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። በኖርዌይ አገር፣ በተራሮች መካከል በተሸጎጠችው በሪዩካን ከተማ አጠገብ፣ የቬሞርክ ኃይል ማመንጫ በ1911 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። በ1929 ደግሞ በዚያው በፏፏቴው ኤሌክትሪክ ከውሃ ሃይድሮጅን እያወጣ ለማዳበሪያ የሚያቀርብ ፋብሪካ ከጎኑ ተተከለ። (በ1943 የኖርዌይ አርበኞች በሌሊት ገብተው ያፈረሱት የ«ከባድ ውሃ» ክፍል የዚሁ ፋብሪካ ነበር።) በእኛው ዓባይ ላይም ግብፆች በአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ በ1960 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ ጀምረው ነበር። ዛሬ የቬሞርኩ የሃይድሮጅን ሕንፃ የለም፤ በ1977 ፈርሷል። የአስዋኑም ፋብሪካ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ያሸነፋቸው የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን የጋዝ ርካሽነት ነው።

ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ከውጭ ትገዛለች። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር፣ በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቆም ስምምነት ተፈርሟል፤ ጥሬ ዕቃው የሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ሁለቱን ዜና ጎን ለጎን ያነበበ ሰው «ማዳበሪያውን ለምን በግድቡ አንሠራም?» ቢል አይፈረድበትም። ተማሪዎቼም አሉ፤ በሰሌዳ ላይ አሰላነው።

አንድ ቶን አሞኒያ ከውሃና ከአየር ለመሥራት 10,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 1 ሚሊዮን ቶን ቢሆን 10 ቢሊዮን ነው። ግድቡ በዓመት ይሰጣል ተብሎ የታቀደው ደግሞ 15.7 ቢሊዮን ገደማ። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ለማዳበሪያ ብቻ! በዚህ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ።

እንግዲህ እኔ የጎዴውን ፋብሪካ የምቃወም አይደለሁም። ጋዝ ግን የሚያልቅ ነገር ነው፤ ባለሙያም በአንድ ቀን አይፈጠርም። ስለዚህ በክረምት ወራት ግድቦቻችን ሲሞሉ ከፍጆታ በሚተርፈው ኃይል የሚሠራ አንድ አነስተኛ የአሞኒያ ፋብሪካ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ወረዳ የሚበቃ፣ ከአሁኑ ቢጀመር ደስ ይለኛል። መሣሪያው ውድ ስለ ሆነ በበጋ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ኪሳራ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ኤሌክትሪካችንን ለቢትኮይን ፈላጊዎች ስንሸጥ ቆይተናልና፣ ከዚያ ጥቂቱን ለገበሬ ማዋል እንዴት አቃተን?

ያ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ቱቦዎቹን በማጠብ ረዳኝ። ድንጋዮቹ አልቀዋል፤ ለሚቀጥለው ክፍል ሌላ አራት መግዛት አለብኝ።