ድራማውን ጠላን እንጂ አገር አልጠላን!

በዚህ አገር አንድን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «አልወደድኩትም» ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ «ቀናተኛ» ትባላላችሁ። ቀጥሎ «የአገር ጥበብ እንዳያድግ የሚሻ» የሚል ታርጋ ይለጠፍባችኋል። ትንሽ ከገፋችሁበት ደግሞ «ባህል አጥፊ»፣ «የባዕድ ናፋቂ» እያለ ይቀጥላል። ለመሆኑ ሥራ ውሎ የገባ ሰው ቴሌቪዥን ፊት አንድ ሰዓት ተጎልቶ «ኧረ ይኼ ነገር አሰለቸኝ!» ቢል ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው? ወጥ ጨው ሲበዛበት «በዛ» የምንል ሰዎች ድራማ ሲንዛዛ «ተንዛዛ» ማለት ለምን ያስፈራናል?

ነገሩን ያስነሱብኝ የሰቆጣ ልጆች ናቸው። እዚህ የዋግ ከተማ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ደጃፍ ብትቆሙ ተማሪው ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ታያላችሁ። ዘፈን ሊያስጭን ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የሚያስጭነው «አኒሜ» የሚሉትን የጃፓን ካርቱን ነው። ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው «ማንጋ» ከሚባለው፣ በየሳምንቱ በመጽሔት እየወጣ ከሚነበብ የሥዕል ታሪክ ነው። ከሰሃላ መጥቶ እዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ስንቁን ከገጠር የሚያስመጣ የዘመድ ልጅ አለኝ። ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከሩ ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ ክርክሩ «የትኛው ይበልጣል?» አይደለም። «የትኛው ነው የተበላሸው? ለምንስ ተበላሸ?» ነው።

«አንተ ልጅ፣ ካልወደድከው ለምን ታየዋለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የተናደድኩት እኮ ስለምወደው ነው!» አለኝ።

ይህን መልስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊዎቻችን ቢሮ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፎ መስቀል ነበር።

የጥላቻቸው ዝርዝር ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «ናሩቶ» የሚባለውን ዓለም ያወቀውን ካርቱን ውሰዱ። የመጀመሪያው ዙር 220 ክፍል አለው። ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሰማንያ ያህሉ ከዋናው ማንጋ የሌሉ፣ ጊዜ ለመግፋት የተጨመሩ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ፊልሙ በሩጫ መጽሔቱ ላይ ደረሰበት፣ ጣቢያው ደግሞ ሰዓቱን መልቀቅ አልፈለገም። ስለዚህ ገለባ ሞሉበት። ልጆቹ «ፊለር» ይሉታል፤ እኛ ገለባ እንበለው። «ዴዝ ኖት» የሚባለውን የሚወቅሱት በሌላ ነው። ኤል የሚባለው መርማሪ ከሞተ በኋላ ታሪኩ ነፍሱ ወጣ ይላሉ። «ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ» እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀምር ሁሉም አጨበጨበለት። በ2021 ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ግን የረጅም ማንጋ ታሪክ በ11 ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ግማሹ ተዘልሎ አለቀ። የኔው ተማሪ ይህን ሲያወራ እንደ ተበደለ ሰው ነው።

ከሁሉም የገረመኝ የ«ኢቫንጌሊየን» ነገር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1996 የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ሲተላለፉ፣ ተመልካቹ የጦርነቱን መቋጫ ሲጠብቅ የዋናውን ልጅ የሐሳብ ውጣ ውረድ አሳዩትና «አለቀ» አሉት። ጃፓን ተንጫጫ። የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ። ታዲያ አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? በዓመቱ፣ በሐምሌ 1997 (አሁንም በእነሱ አቆጣጠር) ሌላ መጨረሻ ያለው ፊልም ሠርተው ሲኒማ ቤት አስገቡ። የተመልካቹንም ደብዳቤ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ብልጭ አድርገው አሳዩት። ስድቡን ሳይቀር! እኛ አገር ቢሆን ደብዳቤው የት እንደሚገባ እናንተው ገምቱት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጃፓን «ሾነን ጃምፕ» የሚባል ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት አለ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳምንት ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ያሳትም ነበር። ይህ መጽሔት ከውስጡ ካርድ አለው። አንባቢው የወደዳቸውን ታሪኮች ሞልቶ ይልካል። ዛሬ ዛሬ በኢንተርኔትም ይሞላል። ካርድ ያጣ ታሪክ፣ ደራሲው የፈለገውን ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ «ደህና ሁን» ይባላል። ካርድ ስል የምርጫ ካርድ ትዝ ያለው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ካርቱን ነው።

ካርዱም ቢሆን መልአክ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሞቅ ጥሩ ታሪክ ሳይበስል ይቀጫል፤ ደራሲውም ተራ እንዳያጣ እየተጣደፈ ጤናውን ይጨርሳል። ይሁንና አንባቢው «በቃኝ» ሲል የሚሰማ ሰው በዚያ በኩል አለ።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ማለት የመንግሥት ቴሌቪዥን ማለት ነበር። ለዓመታትም ከባለ ቴሌቪዥኑ ዓመታዊ ክፍያ ተሰብስቧል። ከፋዩን ግን «የትኛውን ድራማ ወደድክ? የትኛውን ጠላህ?» ብሎ የጠየቀ የለም። አማራጭ በሌለበት ደግሞ የወደደውና የጠላው አይለይም፤ ሁለቱም እዚያው ተጎልተው ያያሉ። ከዚያ «ሕዝቡ በጉጉት ይከታተለዋል» ይባላል። ሳይወደድ የሚቀጥል ነገር በዚህ አገር ድራማ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዛሬ ግን ድራማው ይበቃናል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርኩን፣ የሌላውንም አገር ድራማ ወደ አማርኛ መልሶ ሲያመጣ የሆነውን አስታውሱ። ቤቱ ሁሉ «ጥቁር ፍቅር» ሆነ። ኤሊፍና ዑመር የሰፈር ልጆች ያህል ስማቸው ተነሳ። የጥበብ ሰዎቻችን ደግሞ ባህል ጠፋ፣ እንጀራችን ተዘጋ ብለው ተነሡ። የእንጀራውን ነገር እኔም አዝንበታለሁ፤ ተዋናይ ልጆቹን የሚያሳድገው በጭብጨባ አይደለም። የአገር ውስጥ ሥራ በርካሽ ከተገዛ የውጭ ሥራ ጋር ይወዳደር ማለትም ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ፤ ሰው ለምን ሄደ? ተመልካቹ ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤት የበላው ቤቱ ምን አጥቶ ነው? ይህን መጠየቅ ሲገባ ተመልካቹ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ቀረበ።

እኔ ባለኝ አቅም ለተከሳሹ ልመስክርለት። የአበሻ ተመልካች ለድራማ ጨካኝ አይደለም። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የሚጫወተውን አስናቀን ስንጠላው እንዴት ደስ ይለን ነበር! እሱን ለመጥላት ስንል ቀጠሮ ሰርዘን የምንገባ ነበርን። ገጸ ባሕሪን መጥላትና ድራማን መጥላት ለየቅል ነው። ክፉውን ሰው አምርረን የጠላነው ደራሲውና ተዋናዩ ስለተሳካላቸው ነው። ድራማ የሚጠላው ግን ክፉውም ደጉም ሳይገደን ሲቀር ነው።

ደግሞም «መልእክት ያለው ነገር አይወዱም» የሚል ስም እንዳይሰጠን። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት»ን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው አለ? የፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ሥራ ነበር፤ 257 ክፍል። ስለ ኤድስ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተምር ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። ታዲያ ሰው ሬዲዮ ከቦ ሰማው፣ አለቀሰበት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደብዳቤም ጻፈ። ደብዳቤውን የጻፈው ያው ዛሬ «ድራማ አይገባውም» የሚባለው ሕዝብ ነው። ያ ድራማ ትምህርቱን በሰዎቹ ኑሮ ውስጥ አደረገው፤ ሲያልቅም አለቀ። ዛሬ የምንሰለችበት ግን ተዋናዩ ቡናውን አስቀምጦ እንደ ስብሰባ መሪ ንግግር ሲያደርግብን ነው። ሰውዬው ለሚስቱ ነው የሚያወራው ወይስ ለቀበሌ? ይህን የሚል ሚስቱ ጋር የተጣላ ባል የት ነው ያለው?

ከንግግሩ የባሰው ገለባው ነው። ስልክ ይጠራል። ስልኩን ታየዋለች። ሙዚቃ። መስኮት ታያለች። ሙዚቃ። ስልኩን ታነሳለች፣ «ሄሎ» ሳትል ማስታወቂያ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከስልኩ መጥራት ይጀመራል። በጦርነቱ ዓመታት፣ ከ2013 በኋላ፣ እዚህ ዋግ መብራትም ስልክም ተቋርጦብን ከርመን ነበር። መብራቱ ተመልሶ ቴሌቪዥን ስንከፍት፣ ትተነው የሄድነው ድራማ እዚያው ውርስ ጠብ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሟቹ ራሱ ቢነሳ ሀብቱን ለመንግሥት ትቶ ተመልሶ የሚተኛ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ግን የሚያስቅ ጥላቻ ነው። የማያስቀኝን ልንገራችሁ።

ድራማ ውስጥ የገጠር ሰው ሲፈለግ ማን ይመጣል? የቤት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው። አነጋገራቸው ከሰሜን ገጠር ተቀድቶ፣ ተንጋዶ፣ መሳቂያ ተደርጎ ይቀርባል። ሊፍት ያስደነግጣቸዋል፣ ስልክ ገልብጠው ይይዛሉ፣ ባለ ቪላዋ እመቤት ትስቃለች፣ እኛም እንድንስቅ ይጠበቃል። የሰሃላ ልጅ ይህን ሰቆጣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያይ ምን ይሰማዋል ብሎ የጠየቀ ደራሲ ስንት ነው? ያ ልጅ ቤቱ አገውኛውን፣ ኽምጥኛን ማለቴ ነው፣ ይናገራል፤ ትምህርት ቤት በአማርኛ ይማራል፤ ማታ የጃፓኑን ካርቱን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከተለ ይተረጉምላችኋል። ድራማው ውስጥ ግን ያገሩ ሰው ሁለት ቃል አስተካክሎ መናገር የማይችል ሞኝ ነው።

ከድራማው ውጪ ደግሞ የዋግ ሰው ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ሲራብ ነው። ጥቅምት 1977 ከኮረም ለዓለም የተሰራጨው የረሃብ ፊልም አለ። በ2016ቱ ድርቅ የሰሃላ ሰየምት ስም በዜና የተነሳው በዚያው በመከራ ነው። ሐምሌ 2007 የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማጥፋት የተፈረመው ሰነድ ሳይቀር «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ሐሳቡ ቅዱስ ነው፤ አልቃወምም። ግን አስቡት እስቲ፤ ከተማችሁ በአገሩ ሁሉ የሚታወቅበት ስም የምግብ እጥረት ሲሆን! ዜናው ረሃባችንን ያሳያል፣ ድራማው ሞኝነታችንን። የሚያፈቅር፣ የሚከራከር፣ የሚቀልድ፣ የሚሸውድ የዋግ ሰው የት ገባ? ዋግሹሞች ሲነግሡና ሲከሰሱ የኖሩበት አገር፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከድንጋይ ፈልፍሎ ያወጣ ሕዝብ አንድ ቤተሰብ የሚሆን ታሪክ አጣ?

አይቻልም እንዳትሉኝ። «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን በ2014 ሲመጣ አየነው። አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ ሦስት ሆነው ጻፉት። ለገጠሩ ሰው ክብር ሰጡት፤ አማርኛውን እንደ ማር አንጠባጠቡት። ተመልካቹ ምን አደረገ? «ባላገር ነው» ብሎ ጣቢያ ቀየረ? ኧረ ወዲያ! ቪላም ሊፍትም ሳያሻው ክፍሉ አለቀብን ብሎ አዘነ። እዚህ ሻይ ቤት ውስጥ ያን ጊዜ ዝም በሉ የሚል ሰው ነበር፤ ለድራማ ጸጥታ ሲጠየቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

እንግዲህ ጣቢያዎቹን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በክፍሉ መጨረሻ ከስፖንሰሮቹ ስም ዝርዝር በታች አንድ የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ቁጥር ይጨምሩ። «ወደድኩት» እና «ጠላሁት» የሚል። ውጤቱንም እንደ ሎተሪ ዕጣ በአደባባይ ያንብቡት። ስንት ክፍል እንደሚሆን አስቀድመው ይንገሩን፤ ያም ሲሞላ ይጨርሱት።

ሌላው ልመናዬ የራሴ ነው። በኽምጥኛ ዜና ሰምተናል፣ ፕሮግራም ሰምተናል። ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ግን እኔ እስካሁን አላየሁም። ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ይሥራልንና ይሞክረን። ገለባ ቢበዛበት፣ ባልየው ለቀበሌ የሚናገር ቢመስል፣ ውርስ ጠቡ ሦስት ዓመት ቢፈጅ፣ የመጀመሪያውን «ጠላሁት» የምልከው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን ያ የሰሃላ ተማሪ፣ በራሱ ቋንቋ።