የዳኛ ሥልጣንና የነጋዴ ውል

ነጋዴ ውል ሲዋዋል የዕቃውን ዓይነት፣ ሚዛኑን፣ ዋጋውንና የመክፈያውን ቀን አጥብቆ ይጽፋል፤ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ማን ይሁን የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው መሥመር «በሽምግልና ይፈታል» ብሎ ያልፈዋል። ይህች ቃል ስንት ሙግት እንደምትወልድ የችሎት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።

የመንግሥት ፍርድ ቤት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሕግ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 የዳኝነትን ሥልጣን ለፍርድ ቤቶች ሰጥቷል፤ ስለዚህ ተከሳሹ ወደደም ጠላ መጥሪያ ሲደርሰው ይቀርባል፣ ባይቀርብም ነገሩ በሌለበት ይታያል። የሃይማኖትና የባህል ዳኝነት በአንቀጽ 34 መሠረት በግልና በቤተሰብ ነገር፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ የሚሠራ ስለ ሆነ ለንግድ ሰው ብዙ አያነጋግርም።

የግልግል ዳኛ ሥልጣን ግን ከተዋዋዮቹ ፊርማ ይመነጫል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 እንደሚለው የግልግል ዳኛ የሚሰጠው ውሳኔ ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል፤ ተሸናፊው አልፈጽምም ቢል ፍርድ ቤት ያስፈጽመዋል፤ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ይግባኝ የለውም። አስታራቂ ሽማግሌ ግን ያግባባል እንጂ አይፈርድም፤ አንደኛው ወገን አሻፈረኝ ካለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ «ሽምግልና» ተብሎ የተጻፈው የትኛው ነው? ባለዕዳው ዕርቅ ነው ይላል፣ ባለገንዘቡ ዳኝነት ነው ይላል፤ ዋናው ነገር ሳይነካ በቃሉ ትርጉም ብቻ ጊዜው ያልቃል፣ ገንዘቡም ታስሮ ይቀመጣል።

ከውጭ አገር ጋር ለሚነግድ ሰው ጉዳቱ የባሰ ነው። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 458 መሠረት የውጭ አገር ፍርድ እዚህ የሚፈጸመው ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም ሲሆን ነው፤ ይህን ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒው ዮርክን ስምምነት ከተቀበለች ወዲህ ግን በአባል አገር በንግድ ክርክር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ የተሻለ መንገድ አግኝቷል። ቡናውን ልኮ ዋጋው የቀረበት ላኪም የግልግል ውሳኔውን ይዞ በገዢው አገር ችሎት ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ «የግልግል ዳኝነት» የሚለው ቃል ሳይድበሰበስ ይጻፍ፤ የዳኞቹ ቁጥር፣ የሚሰየሙበት ቦታ፣ ቋንቋውና የሚገዛው ሕግ አብሮ ይጠቀስ። ግብርና የኪሣራ ፍርድ ግን አዋጁ ለግልግል ያልፈቀዳቸው ናቸውና በእነርሱ ላይ የሚጻፍ እንዲህ ያለ ቃል ዋጋ የለውም።