ጩቤው ማንን ነጻ አወጣ?

ወጣቶች ተሰብስበን ስለ አምባገነኖች ስናወራ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አንድ ክፉ ሰው በጉልበት ሥልጣን ይይዛል፣ አንድ ጀግና ተነሥቶ ይጥለዋል። እኔ ይህን አልቀበልም። ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ የተናገረባት አቴና፣ ከእርሱ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ያየችው ነገር ሌላ ነው።

ፔይሲስትራቶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ560 ገደማ መጀመሪያ ሥልጣን ሲይዝ ጦር አላዘመተም። ራሱንና በቅሎዎቹን አቁስሎ ወደ ገበያው ገባና ጠላቶቹ ሊገድሉት እንደነበር አወራ። ሕዝቡም በጉባኤ ተሰብስቦ ዱላ የያዙ ጠባቂዎች ፈቀደለት። በእነዚያው ዱላዎች የከተማዋን አምባ አክሮፖሊስን ያዘ። አረጋዊው ሶሎን ተዉ ብሎ ነበር፤ ማን ይስማው! ከተባረረ በኋላም አንዲት ረጅም ሴት የጦር ልብስ አልብሶ፣ የከተማዋ አምላክ ራሷ እየመለሰችው ነው አስብሎ ገባ። ሄሮዶተስ በአቴናውያን ሞኝነት ይገረማል፤ እኔ ግን ሳቄ አይመጣም። ዱላውን የሰጡት እነርሱ ናቸዋ! በጦር የመጣው በሦስተኛው ጊዜ፣ በ546 ነው። ያን ጊዜም ለገበሬው ገንዘብ ስላበደረ ብዙዎች አልከፋቸውም።

የጀግናው ወሬ ደግሞ ይብሳል። በ514 ሐርሞድዮስና አሪስቶጌይቶን በበዓል ቀን ጩቤ ደብቀው መጥተው የፔይሲስትራቶስን ልጅ ሂፓርኮስን ገደሉ። አቴና ሐውልት አቆመችላቸው፣ በየግብዣው ዘፈነችላቸው። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ወዳጆቼ፤ የገደሉት ማንን ነው? ገዢው እኮ ታላቅ ወንድሙ ሂጲያስ ነበር! ያነሣሣቸውም የግል ቂም ነው፤ የሐርሞድዮስ እህት በአደባባይ ተዋርዳ ነበር። ቱሲዲደስ አቴናዊ ሆኖ ሳለ ይህን የአገሩን ሰዎች የተሳሳተ ወሬ ሊያርም ደክሟል። ከግድያው በኋላ ሂጲያስ ፈራ፤ ሲፈራም ብዙ ዜጎችን ገደለ፣ አራት ዓመትም ገዛ። በ510 ያስወጣው የስፓርታ ጦር ነው።

ነጻነት በጩቤም በእንግዳ ጦርም እንዳልመጣ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። የስፓርታው ንጉሥ ክሌዮሜኔስ በ508 ተመልሶ መጣ፤ ወዳጁን ኢሳጎራስን ሊያነግሥ 700 ቤተ ሰቦችን አሳደደ፣ ምክር ቤቱንም ሊበትን ሞከረ። ምክር ቤቱ እምቢ አለ። ሕዝቡ ወጥቶ ንጉሡን አክሮፖሊስ ላይ ሁለት ቀን ከበበው፤ በሦስተኛው ቀን ስፓርታውያኑ በስምምነት ለቅቀው ሄዱ። የዚያን ከበባ መሪ ስም የነገረን የለም። ሕዝቡ የሚወድደው ክሌይስቴኔስ እንኳ ያን ጊዜ በስደት ላይ ነበር። የእርሱ ሥርዓት ሕዝቡን በ10 ነገድ አደራጀ፤ ከእያንዳንዱ 50 ሰው እየተውጣጣ 500 ሰዎች በየዓመቱ እየተለዋወጡ የሚቀመጡበት ምክር ቤት ሆነ። አሰልቺ ነገር ነው፣ ማንም አይዘፍንለትም።

በ490 ሂጲያስ ሸምግሎ፣ የፋርስን ጦር መንገድ እየመራ ማራቶን ላይ ወረደ። የጠበቁት እነዚያ ነገዶች በየተራቸው ተሰልፈው ነበር።