የአጭበርባሪው ዕዳ በገንዘብ ተቀባይዋ ትከሻ

በመርካቶ ቢሆን በፒያሳ፣ በባሕር ዳር ቢሆን በሐዋሳ፣ ገዢው ብር ቆጥሮ በመስጠት ፈንታ ስልኩን አውጥቶ «አስገብቼልሻለሁ» ሲል፣ ሻጩም በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየውን የባንክ መልእክት በዐይኑ ብቻ ተመልክቶ ዕቃውን የሚያስረክብበት አሠራር፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ካስፋፉ ወዲህ እጅግ የተለመደ ሆኗል። ይህ አሠራር ለንግዱ ያመጣው ቅልጥፍና የማይካድ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለውን ግብይት የሚመለከተው የወንጀል ሕግ ከወጣ ዓመታት አልፈው ሳለ በነጋዴው ዘንድ ዛሬም እንደ እንግዳ ነገር መቈጠሩን፣ ከዚህም አለማወቅ የተነሣ የአጭበርባሪው በደል ዞሮ ዞሮ ምንም በማታውቅ ደመወዝተኛ ላይ ማረፉን፣ ጋዜጣችን በዝምታ ሊያልፈው አልወደደም።

የማታለሉ መንገድ የተራቀቀ አይደለም። ሰውየው ወደ ሱቁ የሚገባው ገበያተኛ በሚበዛበት የምሽት ሰዓት፣ ወይም ባለቤቱ ለቅሶ ለመድረስ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ በወጣበት ቀን ነው፤ ዕቃውን መርጦ፣ በዋጋው ተከራክሮ፣ የሂሳብ ቍጥሩን ጠይቆ፣ ስልኩን ጥቂት ሲነካካ ከቆየ በኋላ፣ የባንኩን ቀለምና ዓርማ፣ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ የዕለቱን ቀንና ሰዓት፣ የክፍያውንም መለያ ቍጥር አሟልቶ የያዘ ስክሪንሾት ለገንዘብ ተቀባይዋ ያሳያታል። ያ ምስል ትናንት በሌላ ሱቅ የተከፈለ የእውነተኛ ክፍያ ደረሰኝ ሆኖ ስሙና አኃዙ ብቻ የተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ ከነጭራሹ በስልክ መተግበሪያ የተቀነባበረ ፈጠራም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከባንኩ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ከአንድ ግለሰብ ቍጥር ወደ ሱቁ ስልክ ይላካል። ልጅቱ «ገና አልገባልንም» ብትል መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «ኔትዎርክ ነው እኅቴ፣ ትንሽ ቆይቶ ይገባልሻል» ይላታል፤ ኔትዎርክም በእውነት የሚያስቸግር ነገር ስለሆነ ታምነዋለች። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ገንዘቡ የለም፤ በወሩ መጨረሻም ጕድለቱ ከደመወዟ ላይ ተቀንሶ ይጠብቃታል።

ሕግ አውጪው ይህን በደል ሳያየው አላለፈም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 በአንቀጽ 9፣ ሐሰተኛ የኮምፒዩተር ዳታ አዘጋጅቶ ወይም እውነተኛውን አዛብቶ የሌላውን ሰው መብት ለመጕዳት፣ ወይም ለራሱ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት የሚገለገልበትን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ነገሩ ከባድ ሆኖ ሲገኝም እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ተከታዩ አንቀጽ 10 ደግሞ አሳሳች ዳታ በማሰራጨት፣ ያልሆነውን ነኝ በማለት ወይም የሰውን የተሳሳተ እምነት መጠቀሚያ በማድረግ ሌላውን ለጕዳት የዳረገውን እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ኮምፒዩተር ፈጽሞ ባይጠቀስ እንኳ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የአታላይነትን ወንጀል ደንግጎ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ አቃቤ ሕግ የሚይዘው መሣሪያ አላጣም።

እንግዲህ ጥፋተኛውን ሕጉ እንዲህ ለይቶ ካስቀመጠው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ በምን ሥርዓት ባለዕዳ ሆነች? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር አሠሪው ከደመወዝ ላይ እንዳይቀንስ ይከለክላል፤ መቀነስ በሚፈቀድበትም ጊዜ ተቀናሹ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ባለሱቁ «ጥንቃቄ ስላላደረገች ነው» ብሎ እንደሚከራከር እናውቃለን፤ ክርክሩም ከነአካቴው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያልነገራትን፣ ገንዘቡ መግባቱን የምታይበትን ስልክ በኪሱ ይዞ የሄደባትን፣ ገዢ እንዳይከፋና እንዳይመለስ በየዕለቱ የሚያስጠነቅቃትን ሠራተኛ፣ ጕዳት በደረሰ ጊዜ ዋስ አድርጎ መያዝ ከፍትሕ ርትዕ የራቀ ነው። ሌባ ሌሊት ጣራ ነቅሎ ቢገባ የጠፋውን ልብስ ዋጋ ከልብስ ሰፊው ደመወዝ ላይ የሚቈርጥ ነጋዴ አልሰማንም።

መፍትሔው በከፊል በባለሱቁ እጅ ነው። የገዢው ስልክ የገዢው እንጂ የሱቁ ምስክር አይደለምና፣ ክፍያ መፈጸሙ መታየት ያለበት በሱቁ ሂሳብ ላይ ብቻ ነው፤ ይህንንም ለማየት የሚያስችለው ስልክ ወይም መተግበሪያ፣ ገንዘብ ማውጣት ሳያስችል ገቢውን ብቻ እንዲያሳይ ሆኖ፣ በገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ሊቀመጥ ይገባል። ባንኮቹ በበኩላቸው ገንዘብ በገባ ቅጽበት ለሻጩ ቀጥተኛ ማረጋገጫ የሚደርስበትን መንገድ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ሳይሆን ለመንደር ሱቅም ሊያቀርቡለት ይገባቸዋል፤ ከየዝውውሩ የአገልግሎት ዋጋ እየቈረጡ ማረጋገጫውን ለኔትዎርክ ዕድል መተዋቸው አያስመሰግናቸውም።

ከተታለሉ በኋላ የሚደረገውም ነገር እንዲሁ የቸልተኝነት ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም የመልእክት ልውውጡን ዱካ፣ እንዲያቆዩ ያስገደዳቸው ለአንድ ዓመት ስለሆነ፣ «እግዜር ይይለት» ብሎ ዓመት ያሳለፈ ነጋዴ አንድ ቀን ቢነሣሣ እንኳ የአጭበርባሪው ዱካ ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል። የተላከውን መልእክት አለማጥፋት፣ የመለያ ቍጥሩን መመዝገብ፣ የሱቁን ካሜራ ምስል በሌላው እስኪተካ ሳይጠብቁ መያዝ፣ በዚያው ቀንም ለፖሊስና ለባንኩ ማመልከት ይገባል። እዚህ ላይ ግን መንግሥትን የምንወቅስበት ነገር አለ፤ አዋጁ በእርሱ የተደነገጉትን ወንጀሎች በመጀመሪያ ደረጃ የመዳኘትን ሥልጣን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶታል። የአገርን የኤሌክትሪክ ኃይል ወይም የባንክን ሥርዓት ለማፍረስ የተነሣን ሰው በዚያ ችሎት ማቆም ተገቢ ቢሆንም፣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ የተታለለ ባለሱቅ ጉዳይ በዚያው በር እንዲገባ ማድረግ፣ ለከሳሹም ለዳኛውም ሸክም ከመሆን በቀር ጥቅሙ አይታየንም።

በሌላው ወገን ደግሞ የተበደለው ነጋዴ ራሱ በዳይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ተታልያለሁ ያለ ባለሱቅ የተጠርጣሪውን ፎቶግራፍ ከካሜራው አውጥቶ፣ «ሌባ» የሚል ጽሑፍ ጨምሮ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ሲበትነው፣ ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን ሰው ስም በማጥፋት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13 መሠረት፣ ተበዳዩ አቤቱታ ካቀረበ፣ እስከ ሦስት ዓመት ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል ውስጥ መግባቱን አያስተውልም። ለዚህ ዐይነቱ ድፍረት ምሳሌ የሆነው ትልቁ ተቋም ሳይሆን አይቀርም፤ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በእክል በተናጋበት ሌሊት፣ በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ያወጡና ያዘዋወሩ ደንበኞች ብዙዎች ነበሩ፤ ባንኩ የተወሰደውን 801 ሚሊዮን ብር ግድም አድርጎ ከገመተና በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ካስታወቀ በኋላ፣ ከተወሰደው የሚበዛው ሲመለስ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። «ማሽኑ ሰጠኝ» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት ዋጋ እንደሌለው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2162 ያለ አግባብ በሌላው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲመልስ እንደሚያስገድድ ጥርጥር የለንም፤ ቢሆንም ያንን ልጠፋ ያኔም አልወደድነውም፤ በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ፣ ማንም ነጋዴ ያንን አርአያ ከመከተል ቢቈጠብ ለራሱ ይበጀዋል።

ከነጋዴው ልማድ ውስጥ በወንጀል የሚያስጠይቀው ይህ ብቻ አይደለም። የደንበኞችን ስልክ ቍጥር ከየመዝገቡ ሰብስቦ ያለ ፈቃዳቸው የማስታወቂያ መልእክት የሚያዘንብባቸው ሰው፣ የመልእክቱን ላኪ ማንነትና አድራሻ ካልገለጸ፣ «አልፈልግም» የሚባልበትንም ቀላል መንገድ ካልሰጠ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 15 እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስፈራዋል፤ ይህ ቅጣት በእኛ አስተያየት ከጥፋቱ ጋር የማይመዛዘን፣ በመቀጮ ብቻ ሊታለፍ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን እስኪሻሻል ድረስ ሕግ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛም የቀድሞ ድርጅቱን የይለፍ ቃል ስለሚያውቅ ብቻ ወደ ድርጅቱ ሥርዓት ቢገባ፣ ምንም ሳይነካ ቢወጣ እንኳ፣ ያለ ሥልጣን መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ የተገባበት ሥርዓት የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት ንብረት ሲሆንም ቅጣቱ ከቀላል ወደ ጽኑ እስራት ይሸጋገራል። አንድ የይለፍ ቃል ለስድስት ሠራተኛ አድሎ፣ ሰው ሲሰናበት ሳይቀይር የሚቀመጥ ሥራ አስኪያጅ ፈተናውን ራሱ ያዘጋጃል። ድርጅቱም ቢሆን፣ ሹሙ ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ ብሎ ወንጀል ሲሠራ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 መሠረት ራሱን ችሎ ይጠየቃል፤ በግል ፈቃድ የሚነግደው ደግሞ የሚከለልበት ማኅበር የለውምና የሚቀጣው በገዛ ራሱ ነው።

«አላውቅም ነበር» ማለት እንደማያድን የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 81 በግልጽ ተናግሯል፤ በቅን ልቡና ተሳስቷል የተባለውን ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለት ይሆናል እንጂ በተለምዶ ነጻ አያወጣውም። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ የማያሰጥ ከሆነ ግን ሕግን ማሳወቅም የመንግሥት ግዴታ ነው። ፍትሐ ነገሥት በአገራችን ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን፣ መጽሐፉ ከነንባቡና ከነትርጓሜው በሊቃውንት ጉባኤ ይወርድ፣ ተማሪውም ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ አንቀጹን ከምሥጢሩ ጋር ይቀበል ነበር፤ የዛሬው አዋጅ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ መምህር ሳይሾምለት ወደ መደርደሪያ ይገባል። በየዓመቱ ፈቃዱን ለማሳደስ በንግድ ቢሮ ደጃፍ ከሚሰለፈው ነጋዴ መካከል የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅን አንብቦ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ያ ሰልፍ በቈመበት ቦታ፣ አዋጁ ነጋዴውን የሚነካባቸው ጥቂት አንቀጾች በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ታትመው ቢታደሉ፣ ወጪው ኢምንት ነው፤ የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶችም ከዐውደ ርእይና ከሽልማት በዓል ጊዜያቸው ቀንሰው ለዚህ ሥራ ቢያውሉት አባሎቻቸው ያመሰግኗቸዋል።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን የዳኝነት ሥልጣን ድንጋጌ መርምሮ፣ አነስተኛው የማታለል ጉዳይ በቅርቡ ባለ ፍርድ ቤት እንዲታይ እንዲያደርግ፣ የአንቀጽ 15ንም ቅጣት እንዲያቀልል እንጠይቃለን። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች የሱቆችን የደመወዝ መዝገብ ገልጠው «ጕድለት» በሚል ስም የተቀነሰውን ገንዘብ ይመልከቱ። ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድና ያለ ጽሑፍ ስምምነት ከገንዘብ ተቀባይዋ ደመወዝ የቀነሰ አሠሪም የወሰደውን ይመልስላት።