የቀዶ ሕክምና ምርምር ውጤቶችን መዝኖ መቀበል

አንድ ጥናት በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ መታተሙ ብቻውን ውጤቱን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ለማዋል በቂ ምክንያት አይሆንም። በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ዘርፍ ከፍተኛ ትኩረት ያገኙ ጥናቶች ይህንኑ ያመለክታሉ። ጉዳዩ በተለይ ውስን በጀት ላላቸው ሆስፒታሎች የገንዘብም የሕይወትም ጥያቄ ነው።

ለአብነት የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መመልከት ይቻላል። ዝርዝሩ የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመከፈቱ በፊትና ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያረጋግጣቸውን 19 ነጥቦች ይዟል። እ.ኤ.አ በ2009 ይፋ የሆነው ጥናት በቶሮንቶ፣ በኒው ዴልሂ፣ በአማን፣ በኦክላንድ፣ በማኒላ፣ በታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ በለንደንና በሲያትል በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች የተካሄደ ነበር። ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት 1 ነጥብ 5 በመቶ የነበረው የሞት መጠን ወደ 0 ነጥብ 8 በመቶ፣ 11 በመቶ የነበረው የተወሳሰበ የጤና ችግር ደግሞ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ማለቱን ጥናቱ አስታውቋል።

ከአምስት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ2014 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ የወጣው ጥናት ግን የተለየ ውጤት ይዞ ቀረበ። 101 ሆስፒታሎችንና ከ200 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን ያካተተው ይኸው ጥናት የሞት መጠኑ ከ0 ነጥብ 71 ወደ 0 ነጥብ 65 በመቶ ብቻ መቀነሱንና ይህም ከአጋጣሚ የማይለይ መሆኑን ገልጿል።

ታዲያ የትኛው ይታመን? ሁለቱም ጥናቶች "በፊት" እና "በኋላ" የሚለውን ንጽጽር የተከተሉ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ንጽጽር በመካከሉ የተለወጠ ሌላ ነገር ሁሉ የአዲሱ አሠራር ውጤት መስሎ ሊታይ ይችላል። መነሻቸውም አንድ አይደለም፤ ቀድሞውኑ የሞት መጠኑ አነስተኛ በሆነበት ስፍራ ብዙ ለውጥ መጠበቅ ያዳግታል። የሕመምተኞች ደህንነት ተመራማሪው ሉሲያን ሊፕ በበኩላቸው፣ በኦንታሪዮ ዝርዝሩ በትክክል ሥራ ላይ አለመዋሉ ለውጤቱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል። ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግና ነገሩን መፈጸም የተለያዩ መሆናቸውን በቢሮ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ሕመምተኞችን በዕጣ መድቦ ማነጻጸር የተሻለ መልስ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ በ2021 በላንሴት መጽሔት የታተመው ፋልኮን የተሰኘ ጥናት በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 54 ሆስፒታሎች 5 ሺህ 788 ሕመምተኞችን አሳትፏል። አልኮል ያለበት ክሎርሄክሲዲንና ትሪክሎሳን የተቀባ የስፌት ክር የቁስል ማመርቀዝን ከተለመዱት ፖቪዶን አዮዲንና ተራ ክር ይበልጥ ስለመከላከላቸው ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱም ቀደም ሲል በዓለም አቀፍ መመሪያ የተደገፉ ነበሩ። ውድ የሆነውን ክር ለመግዛት ላሰበ ሆስፒታል ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

በአንጻሩ በእነዚሁ ሰባት አገሮች በ81 ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2022 የታተመው ቺታ የተሰኘ ጥናት በሆድ ቀዶ ሕክምና ወቅት፣ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየር ማመርቀዝን ከ18 ነጥብ 9 ወደ 16 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ በንጽጽር ሲገለጽ የ13 በመቶ ገደማ ቅናሽ ነው ይባላል። በቁጥር ሲታይ ግን አንድ ማመርቀዝን ለመከላከል ለ35 ያህል ሕመምተኞች ጓንትና መሣሪያ መቀየር ያስፈልጋል። ሁለቱም አገላለጾች ትክክል ናቸው፤ የግዥ ክፍሉን የሚረዳው ግን ሁለተኛው ነው።

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሬዚደንት ሐኪሞች በጥናቶች ላይ የሚወያዩባቸው መድረኮችም ከማጠቃለያው ይልቅ ጥናቱ ከተካሄደበት ዘዴ መጀመር ይኖርባቸዋል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሞከረውና በላይፍቦክስ ድርጅት የሚደገፈው ክሊን ከት የተሰኘው ፕሮግራምም የቁስል ማመርቀዝን በሲሶ ገደማ መቀነሱ ተዘግቧል። ይህም የ"በፊት" እና "በኋላ" ንጽጽር በመሆኑ ከላይ የተነሳው ጥያቄ ይመለከተዋል። ሆኖም ጥናቱ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የመሣሪያዎች ከጀርም መጽዳት፣ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሰዓቱ መሰጠትና የመሳሰሉት ስድስት አሠራሮች በእርግጥ ተፈጽመው እንደሆነ ለክቷል።