ውሻውን ዝም የሚያሰኝ ሌባ

በዕድሜ ከገፉት ወላጆቻችንና አያቶቻችን መካከል ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ የቀረባቸውን ሳታዩ አትቀሩም። በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1980 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጀ። ዘመዱ የሆነው፣ ቀድሞ «የዝንጀሮ ፈንጣጣ» ይባል የነበረው ኤምፖክስ ግን አልጠፋም። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በሞያሌ መገኘቱ ተረጋግጧል።

ብዙዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። ሰው ቫይረሱ ከገባበት በኋላ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በላይ ጤነኛ መስሎ እንዴት ይቆያል? ሰውነቱ ያን ጊዜ ምን እየሠራ ነው?

ብልህ ሌባ አጥር ከመዝለሉ በፊት ውሻውን ዝም ያሰኛል። የፈንጣጣ ዘር የሆኑ ቫይረሶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የሰውነታችን ውሻ

ስንወለድ ጀምሮ አብሮን ያለ የመጀመሪያ መከላከያ አለን። ይህ መከላከያ በሽታውን አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም። አንድ ሕዋስ ባዕድ ነገር እንደገባበት ሲያውቅ ኢንተርፌሮን የተባለ ፕሮቲን ወደ ውጭ ይለቃል። ጎረቤት ሕዋሳት ይህን ጩኸት ሲሰሙ በራቸውን ይዘጋሉ። የተጠቃው ሕዋስ ደግሞ ቫይረሱ እንዳይራባበት የራሱን የፕሮቲን ሥራ እስከ ማቆም ይደርሳል።

ሌባው እንዴት ያመልጣል?

እነዚህ ቫይረሶች ወደ 200 የሚጠጉ ጂኖች አሏቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመራባት ሳይሆን የሰውነትን ጩኸት ለማፈን የተዘጋጁ ናቸው። ሳይንቲስቶች ይህንን በይበልጥ የተማሩት ለፈንጣጣ ክትባት ካገለገለው ከቫክሲኒያ ቫይረስ ነው።

«ኢ3» የተባለው ፕሮቲን ዱካ ይሸፍናል። ሕዋሱ ባዕድ መግባቱን የሚያውቅበትን ድርብ አር.ኤን.ኤ. ይዞ ይደብቀዋል። «ኬ3» ደግሞ አስመስሎ ያታልላል፤ የፕሮቲን ሥራን ሊያስቆም የተነሣው ዘበኛ እውነተኛውን ትቶ እርሱን ይይዛል። «ቢ18» ከሕዋሱ ወጥቶ እንደ ሐሰተኛ ጆሮ ይሆናል፤ ኢንተርፌሮኑን ጎረቤት ሳይሰማው መንገድ ላይ ይቀበለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «ፖክሲን» ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ «ባዕድ ገባ» የሚለውን መልእክት የምታደርሰውን ትንሽ ሞለኪውል ይቆርጣታል። የቫይረሱ ዘመዶች ሁሉ እነዚህን መሣሪያዎች እኩል አልያዙም፤ መንገዳቸው ግን ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ «ደካማ ስለሆነ ነው የያዘው» ብለን በታመመ ሰው ላይ አንፍረድ። ጠንካራ ሰውነት ያለውም ይታለላል። ይሁን እንጂ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ለከባድ ሕመም የበለጠ ተጋላጭ ናቸው።

መሣሪያውን የተቀማ ሌባ

ደስ የሚለው ነገር ይህ ነው፦ በጀርመን ሀገር ተመራማሪዎች የክትባቱን ቫይረስ ከ500 ጊዜ በላይ በዶሮ ሕዋሳት ላይ እያሸጋገሩ አሳደጉት። በዚህ ሂደት ከዘረ መሉ 15 በመቶ ያህሉን አጣ፤ ከጠፉት መካከል ብዙዎቹ የማፈኛ መሣሪያዎች ነበሩ። ዛሬ በሰው ሕዋሳት ውስጥ መራባት የማይችለው ይህ ቫይረስ ለኤምፖክስ ክትባት ያገለግላል። ውሻው ሳይነከስ የሌባውን ሽታ ይማራል ማለት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ኤምፖክስ ካለበት ሰው ጋር በቅርብ የተነካካ ሰው ራሱን ለ21 ቀናት ይከታተል። ትኩሳት፣ የዕጢ እብጠት ወይም ሽፍታ ካየ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ባልና ሚስት ሆይ፣ አንዳችሁ ሽፍታ ብታዩ ከሌላው አትደብቁ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊቱ እስኪወድቅና አዲስ ቆዳ እስኪወጣ ድረስ መኝታ ለዩ፣ ፎጣና አንሶላም አትጋሩ። ይህ መለያየት ሳይሆን መጠባበቅ ነው።

ውሻው አልጮኸም ማለት ሌባ አልገባም ማለት አይደለም።