ፍላሹ ምን ይዞ መጣ?



ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ሥራዋን በፍላሽ ይዛ ሄዳ፣ ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ መጣች። ፍላሹን ቤታችን ካለው ኮምፒውተር ላይ እንደሰካችው፣ «እማማ፣ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል!» አለችኝ። «በይ እጅሽን አንሺ፤ አንዱንም እንዳትከፍቺ» አልኳት።

እንዲህ ያልኩት አዋቂ ስለሆንኩ ሳይሆን አንዴ ስለተቃጠልኩ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ነገር ሲገጥመን ኮምፒውተሩን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። «ፎርማት ካልተደረገ አይድንም» አለን፤ እኛም ምንም ሳንጠይቅ እሺ አልን። ኮምፒውተሩ ዳነ። የእናቴ የመጨረሻ ፋሲካ ፎቶዎች ግን አብረው ሄዱ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥናቸውም ነበር።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ይህ የፍላሽ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል። እውነተኛውን ፎልደር ሰውሮ በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ያንን ስንከፍት ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባና በኋላ የሚሰካውን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ፎልደሩም ስለሚከፈትልን አንጠረጥርም። ነርስ ሳለሁ አንድ መርፌ ለሁለት ሰው አይታሰብም ነበር። ፍላሹን ግን ስንት ሰው የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ አሳድረን፣ ሳናስፈትሽ ቤታችን እናስገባለን።

በዚህኛው ጊዜ ቀስ ብለን ሠራን። መጀመሪያ ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም በአንቲቫይረስ አስፈተሽን፤ ተገኘና ተወገደ። ከዚያ ልጄ «አትሪብ» በሚባለው ትዕዛዝ የተሰወሩትን ፎልደሮች መለሰ። የልጅቷ ሥራ እንዳለ ተገኘ። ጠጋኝ ቤት የምትሄዱም ብትሆኑ፣ «ፎርማት» ከመባሉ በፊት «ፋይሎቼን አውጣልኝ» በሉ።

አንቲቫይረስ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባል የራሳቸው አላቸው፤ ነፃ ነው። ዋናው ነገር አለማጥፋቱ ነው። ልጆች ከኢንተርኔት የሚያወርዱት «ክራክ» የተደረገ ጌም ብዙ ጊዜ «ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ሌባ ውሻውን እሰሩልኝ እንደማለት ነው። በዚህ በኩል የሚገባው ሰላይ ፕሮግራም ድምፅ የለውም፤ የምንጽፈውን የይለፍ ቃል እየለቀመ ለባለቤቱ ይልካል። ከጠረጠራችሁ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁን በዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ቀይሩ።

«አፕዴት» ሲላችሁም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ኮምፒውተሮች ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የሕሙማን ቀጠሮዎችና ቀዶ ሕክምናዎች ተሰርዘዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር።

ፎቶዎቻችሁን ደግሞ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ስትጨርሱ ንቀሉት። እንደተሰካ ከተተወ የሚቆልፈው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። እኔ አሁን በየወሩ መጀመሪያ እገለብጣለሁ፤ የእናቴን ፎቶዎች ግን አይመልስልኝም።

የመጨረሻው ነገር ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶች ነው። ልጁ «አንድ ነገር ነክቼ ተበላሸ» ሲል አትቆጡት። ከተቆጣነው በሚቀጥለው አይነግረንም፤ ቫይረሱም ሳናውቀው ወራት ይቀመጣል። የልጅ ልጄ ወዲያው ባትጮህ ኖሮ እነዚያን ሾርትከቶች አንድ በአንድ እንከፍታቸው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ቸር ሰንብቱ።